የእንጨት ቶርኖ መሮዎች ማስቀመጫ ካቢኔት ልሠራ ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ ምከሩኝ

ሰጋቱራ (ጠያቂው)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነኝ፣ መንደራ አካባቢ። ከቤቴ ጀርባ 3 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል የሆነች ጭቃ ቤት አለችኝ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። ድሮ ማገዶ ይቀመጥባት ነበር፤ አሁን ቅዳሜና እሁድ ወርክሾፔ ናት። ቶርኖውን፣ እንጨት እያሽከረከረ የሚያስቀርፀውን ማሽን፣ በያጅ ነው የሠራልኝ። ግማሽ ፈረስ ጉልበት ያላት ሞተር፣ ከአንግል ብረት የተበየደ የማሽን አልጋ፣ በቃ። ግን ይሽከረከራል። የወንበር እግር፣ ሙቀጫ፣ ጎድጓዳ ሳህን እሠራበታለሁ።

ችግሬ መሮዎቹ ናቸው። ዘጠኝ አሉኝ። ባለፈው ክረምት መስኮት ሥር ካርቶን ውስጥ ከትቻቸው ለሦስት ሳምንት ወደ ቤተሰብ ሄድኩ። ስመለስ ጡብ መስለው ጠበቁኝ። ትልቁን የሳህን መሮ ዝገቱ ጎድጎድ ባለው በኩል ነጠብጣብ ነጠብጣብ አድርጎ በልቶታል። አሁን ብስለውም ስለቱ አንዷ ነጠብጣብ ላይ በደረሰ ቁጥር ይሸረፋል፣ እንጨቱ ላይም መስመር ይጥላል። ይባስ ብሎ አንዱን ላወጣ እጄን ስሰድ አውራ ጣቴን ላጠኝ፤ ሁለት ቦታ ተሰፋሁ። ሚስቴ "ወይ ቤት ሥራላቸው ወይ ሽጣቸው" ብላለች።

ያሰብኩት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ባለ ሁለት በር ካቢኔት ነው። ቁመቱ 90፣ ስፋቱ 80፣ ጥልቀቱ 25 ሳንቲም፣ ሙሉ በሙሉ ከዋንዛ። በሮቹ ከውስጥ መሮ ይሸከማሉ። እርጥበት የማያስገባ፣ ግጥም ያለ እንዲሆን ነው የምፈልገው። ረጅሙ መሮዬ ከነእጀታው 62 ሳንቲም ነው። ምን ትላላችሁ?

ቡና በጨው

ቆይ፣ ግድግዳው ጭቃ ነው አላልክም? በምን ልትሰቅለው ነው? እኔ አንድ ጊዜ ቲቪ ጭቃ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ሌሊት ወረደ። ጎረቤቴ ሌባ መስሎት ዱላ ይዞ መጣ። ቲቪውም አለቀ፣ ግድግዳውም አለቀ።

የጅሬን ልጅ

ትክክል። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ መሮ ከነእጀታው ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ዘጠኝ አሉህ፣ ነገ ደግሞ አሥራ አምስት ይሆናሉ፤ ይሄ በሽታ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ላይ እንጨቱን ቶርኖው ላይ የሚይዘው ቻክ፣ መፍቻው፣ የካቢኔቱ የራሱ ክብደት። ሠላሳ ኪሎ ብትል አልተጋነነም። ያንን ጭቃና ጭድ ላይ በሚስማር አትሰቅልም። ወይ ምሰሶውን ፈልገህ እሱ ላይ እሰረው፣ ወይ እግር አውጣለትና መሬት ላይ ይቁም። እኔ ብሆን እግር። ከላይ ብቻ እንዳይወድቅ ከምሰሶው ጋር በአንድ ብሎን ያዘው።

በሩ ላይ መሮ መስቀሉን ግን እርሳው። በተከፈተ ቁጥር ይወዛወዛል፣ ማጠፊያው ይረግባል፣ ከዓመት በኋላ በሩ ወለል እየጠረገ ነው የሚከፈተው።

ጡረተኛው

ልጄ፣ ሐሳብህ ደግ ነው። "እርጥበት የማያስገባ፣ ግጥም ያለ" ያልካት ላይ ግን ትንሽ እንቆይ። እኔ ዕድሜዬን በአናጢነት ነው የጨረስኩት፣ ይህችን ስህተት ራሴም ሠርቻታለሁ።

ሣጥኑ ውስጥ የምትዘጋው ምን አየር ነው? የጅማን አየር ነው። ሐምሌ ላይ መሮ ልታወጣ በከፈትክ ቁጥር ያንኑ እርጥብ አየር ታስገባለህ። ሌሊት ብረቱ ይቀዘቅዛል። ጠዋት አየሩ ቀድሞ ይሞቃል፣ ብረቱ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው፤ በአየሩ ውስጥ ያለው ውሃ ብረቱ ላይ ላብ ሆኖ ያርፋል። ቀዝቃዛ ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ጠርሙሱ የሚያልበው በዚሁ ምክንያት ነው። ሣጥንህ የታሸገ ከሆነ ያ ላብ መውጫ የለውም። በር ይኑረው፣ ሰጋቱራ ይከላከላል፣ ድንገተኛ ቅዝቃዜና ሙቀትም ያለዝባል። ግን ይተንፍስ። ከታችና ከላይ ቀዳዳ አውጣለት፣ ከኋላው ከግድግዳው አምስት ሳንቲም አርቀው። ጭቃ ግድግዳ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ይዞ ነው የሚከርመው። ጀርባውን ለጥፈህበት ከሆነ መስከረም ላይ የምታገኘው ሻጋታ ነው።

ጣሪያህም ቆርቆሮ ነው ብለሃል። ኮርኒስ አለው? ከሌለው ሌሊት ሌሊት ያልበዋል፣ ጠዋት ይንጠባጠባል። የካቢኔቱን አናት ዘቅዘቅ አድርገህ ሥራው። ውሃው ይወርዳል፣ አንተም የቀለም ጣሳና የተሰበረ ሬዲዮ አትቆልልበትም።

ዋናው ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። ዋንዛው መቼ የተሰነጠቀ ነው?

ሰጋቱራ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ሁሉ አላሰብኩትም ነበር። ኮርኒስ የለውም፣ እንዳሉት ይንጠባጠባል። ዋንዛው... ከገበሬ ነው የገዛሁት፣ የቡና ጥላ የነበረ። ከተሰነጠቀ አራት ወር ቢሆነው ነው። ውፍረቱ 3 ሳንቲም። ደርቋል ብሎኛል ሻጩ።

ጡረተኛው

ሻጭ መቼ እርጥብ ነው ብሎ ያውቃል። የድሮ ሒሳብ አለ፦ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲም ውፍረት አንድ ዓመት፣ ያውም ጥላ ሥር፣ በመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባበት ተደርድሮ። አራት ወር ማለት ላዩ ደርቆ ሆዱ ውሃ ነው። በሩን ከእሱ ብትሠራ ጥር ላይ እንደ ሞሰብ ክዳን ይጎብጥልሃል። እስኪደርቅም የሚያወጣውን ውሃ የሚጠጡት መሮዎችህ ናቸው።

አንድ ነገር ያዝ። እንጨት በቁመቱ ምንም አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። የሚያብጠውና የሚኮማተረው በወርዱ ነው። ስለዚህ ሰፊ በር ከወጥ ጣውላ አይሠራም። ዙሪያውን ፍሬም አድርግ፣ መሐሉን በቦይ ውስጥ ያለ ኮላ ክተተው፣ እንዳሻው ይንቀሳቀስ። ወይም መሐሉን 6 ሚሊ ኮምፔንሳቶ አድርገውና ተገላገል። ሣጥኑንም በ18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ሥራው። ዋንዛህን በፍሬሙ ላይ አሳየን፣ ፍሬሙ ቀጫጭን ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል።

ቡና በጨው

ዋንዛ ከተነሳ አይቀር፣ የምትገዙ ሰዎች ከየት እንደተቆረጠ ጠይቁ። የ1986ቱ የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ የከለከለው ወዶ አይደለም። ከገበሬ ማሳ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ሰጋቱራን ማለቴ አይደለም፣ ለአጠቃላይ ነው።

ዋንዛ ነኝ

እኔ ለምን ካቢኔት እንዳስፈለገ አልገባኝም። አራት ዓመት ሆኖኛል ስሠራ፣ መሮዎቼ ቶርኖው ጀርባ ግልጽ መደርደሪያ ላይ ናቸው። እጄን እዘረጋለሁ፣ አነሳለሁ። በር ከፍቶ፣ ዘግቶ፣ ደግሞ ከፍቶ... እንጨቱ እየዞረ ማን በር ይከፍታል? ካቢኔት ለፎቶ ነው የሚያምረው።

ሰጋቱራ

እህቴ ሰጋቱራውስ? እኔ ጋ አንድ ሳህን ከቆረጥኩ በኋላ ሁሉም ነገር በረዶ የጣለበት ይመስላል። ሰጋቱራው ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ መሮው ላይ ከተኛ እርጥብ ብርድ ልብስ እንዳለበስከው ቁጠረው። በተለይ እርጥብ እንጨት ስቆርጥ።

ዋንዛ ነኝ

እሱስ እውነት ነው። እኔ ማታ ማታ በብሩሽ እጠርጋቸዋለሁ፣ አንተ ካልጠረግክ ጥፋቱ የመደርደሪያው አይደለም። እሺ፣ ካቢኔትህን ሥራ፣ በሮቹ ግን ስትሠራ ወለል ብለው ተከፍተው የሚቆሙ ይሁኑ። ስትጨርስ ትዘጋለህ።

አንድ ነገር ግን ስማኝ፣ ይሄ ከበርም ከዋንዛም በላይ ነው። እንዴት ነው የምትደረድራቸው? ስለቱን ወደ ላይ አድርጎ እጀታውን ቀዳዳ ውስጥ የሚያቆም ሰው አያለሁ። ስለቱ ስለሚታይ የትኛው እንደሆነ ታውቃለህ፣ ልክ ነው። ግን ጎንበስ ስትል ዓይንህ እዚያው ነው። ወደ ታች ካቆምከው ደግሞ ሁሉም እጀታ አንድ ዓይነት ሆኖ መቁረጫውን ብለህ መፋቂያውን ታነሳለህ።

እኔ ያደረግኩትን ልንገርህ። አንተ ቶርኖ ያለህ ሰው ነህ አይደል? ለምን ሁሉም መሮ አንድ ዓይነት እጀታ ይኖረዋል? የሳህን መሮዬን እጀታ በወይራ ሠራሁት፣ ከበድ ይላል፣ ረጅምም ነው። ስለቱ ሰያፍ የሆነውን መሮ በዋንዛ፣ ሆዱ ላይ አንድ ቀለበት አወጣሁለት። መቁረጫው ሁለት ቀለበት፣ መፋቂያው ሦስት። አሁን ሳላይ በመዳፌ ነው የማውቃቸው። መብራት ጠፍቶም እንኳ አልሳሳትም። መብራት ከጠፋ ቶርኖውም እንደማይዞር አውቃለሁ፣ ግን ስመልሳቸው ማለቴ ነው ሃሃ።

ስለዚህ ስለቱ ወደ ታች፣ እጀታው ወደ አንተ። ከታች ስለቱ የሚያርፍበት ላይ ብረት እንዳይነካ ለስላሳ ጣውላ አድርግ።

የጅሬን ልጅ

ይቺን የቀለበቷን ነገር ሰረቅኳት።

ኤሌክትሪሻኑ

ለዝገቱ ቀላል መላ አለ። ካቢኔቱ ታች 25 ዋት አምፖል አብራ፣ የድሮውን፣ ክር ያለውን። ውስጡ ከውጪው ትንሽ ሞቅ ካለ ላብ የሚባል ነገር የለም። ኤልኢዲ አይሠራም፣ እሱ ብዙም አይሞቅም።

ጡረተኛው

ሰጋቱራ ያለበት ሣጥን ውስጥ የጋለ አምፖል? የልጁን ቤት ልታቃጥለው ነው እንዴ? ያውም መብራት ሄዶ ሲመጣ አንተ ቤት ባልኖርክበት ሰዓት።

ኤሌክትሪሻኑ

በወንፊት ይሸፈናል ጋሼ። አምፖሉ ብርድ ልብስ ውስጥ አይደለም እኮ ያለው።

ጡረተኛው

ወንፊት ጠጠር ነው የሚያቆመው። የብርጭቆ ወረቀት ብናኝ በወንፊት ያልፋል። እኔ አልመክርም፣ አንተ ግን በራስህ ቤት እንዳሻህ።

አዌቱ ዳር

ሩዝ በጨርቅ ቋጥራችሁ ውስጡ አስቀምጡ። እርጥበት ይመጥጣል። ሞባይል ውሃ ውስጥ ሲወድቅ እንደሚደረገው።

ሰጋቱራ

ወንድሜ ሞክሬዋለሁ። ዝገቱም አልቀረም፣ አይጥም መጣ። ካርቶኑን ሁሉ ቆረጣጥሞ ጎጆ ሠራበት።

ዶቅማ

ኧረ አቦ ነገሩን አታካብዱት። አባቴ በርጩማ ነበር የሚጠርበው፣ የእኛን የጅማውን፣ ከአንድ ግንድ ወጥ ሆኖ የሚወጣውን። ምሳር፣ መጥረቢያ፣ ሁለት መሮ፣ አንድ መፋቂያ። ሁሉም ቆዳ ከረጢት ውስጥ ይታሰር ነበር። ካቢኔት የሚባል አያውቅም። አንድም ቀን ዝጎ አላየሁም። ለምን? በየቀኑ ስለሚሠራበት። ከእጁ አይወጣም ነበር። ማታ ሲጨርስ ደግሞ ሰም ያለበት ጨርቅ ነበረው፣ ላጥ ላጥ አድርጎ ይጠርጋቸውና ይጠቀልላቸዋል። አለቀ።

ሰጋቱራ ካቢኔትህን ሥራ፣ አያስከፋም። ግን ሦስት ሳምንት ትተሃቸው ሄደህ ካርቶኑን ትረግማለህ።

ሰጋቱራ

ይሄ ገባኝ አልልህም፣ ወጋኝ እንጂ። ግን አባትህ በየቀኑ ነው የሚሠሩት፣ እኔ ቅዳሜ ብቻ። አምስት ቀን ቢሮ ነኝ።

ሰሙ ግን ደስ ብሎኛል። ሐሙስ ገበያ ንጹህ የማር ሰም አገኛለሁ። ከስፌት መኪና ዘይት ጋር አቅልጬ ብቀላቅለውስ?

ዶቅማ

አዎ። ሰሙን ውሃ በፈላበት ድስት ላይ በጣሳ አድርገህ አቅልጠው፣ በቀጥታ እሳት ላይ አይሆንም። ከዚያ ዘይቱን ጨምርበት። ሲቀዘቅዝ እንደ ቅባት ይሆናል። በጣም ስስ አድርገህ ቀባ፣ አለዚያ ሰጋቱራ ይለጥፍብሃል።

ዋንዛ ነኝ

ስለ ጨርቅ ካነሳን፣ ሳህን በተልባ ዘይት የምትቀቡ ሰዎች አደራ። ያን ጨርቅ ጨምድዳችሁ መሳቢያ ውስጥ እንዳትጥሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ራሱ ይሞቃል፤ ጨርቁ ከተጨመደደ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። ዘርግታችሁ ውጪ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት። የስፌት መኪና ዘይት እንደዚህ አያደርግም፣ የተልባው ነው። ጋሼ አምፖል ከሚፈሩ ይሄን ይፍሩ።

ጡረተኛው

እሱንም እፈራለሁ። ልጄ ሰጋቱራ፣ ዘጠኙ መሮ ከምን የተሠሩ ናቸው? ሁሉም የተገዙ ናቸው?

ሰጋቱራ

አራቱን አዲስ አበባ መርካቶ ነው የገዛኋቸው። ሦስቱን ባለሙያ ከመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጦ ሠራልኝ። ሁለቱን ራሴ ከአሮጌ ሞረድ ስዬ ነው የሠራኋቸው፣ ጥሩ ይቆርጣሉ።

ጡረተኛው

እነዚያን ሁለቱን ካቢኔት ውስጥ አታስገባቸው። ሞረድ ጠንካራ ነው፣ ግን እንደ ብርጭቆ ነው፣ አይለመጥም። ከመደገፊያው ብረት ወጣ አድርገህ የሚሽከረከር ሳህን ላይ ስትይዘውና ድንገት ሲነክስ ለሁለት ይሰበራል፤ ስባሪው የሚመጣው ወደ ፊትህ ነው። ጥርስ ጥርሱ ያለበት መስመር ሁሉ የስንጥቅ መነሻ ነው። ባሌስትራው ይሻላል፣ ይለመጣል፣ ስትስለው ብቻ ግራይንደሩ ላይ ሰማያዊ እስኪሆን አታግለው፣ ያኔ ጥንካሬው ይሄዳል። በየደቂቃው ውሃ ውስጥ ንከረው። የገዛሃቸው ሃይ ስፒድ ስቲል ከሚባለው ብረት ከሆኑ ሙቀቱን ይችሉታል።

የሞረዶቹን ነገር ቀልድ አታድርገው።

ሰጋቱራ

ጋሼ ገብቶኛል። ከአሁን በኋላ የቀለም ጣሳ መክፈቻ ናቸው።

ሰጋቱራ (ግንቦት ማለቂያ ላይ)

ጨርሻለሁ። ፎቶ ኔትወርኩ እምቢ ስላለኝ በቃል ልንገራችሁ።

ሣጥኑ 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ነው፤ 1.22 በ2.44 ከሆነው ከአንድ ሉህ ወጥቶ ተረፈ። የበሩ ፍሬም ዋንዛ፣ መሐሉ 6 ሚሊ ኮምፔንሳቶ፣ ያለ ኮላ። እግር አለው፣ ከወለል 30 ሳንቲም ከፍ ብሏል። ምስጥ ስለምፈራ እያንዳንዱን እግር የተቃጠለ የሞተር ዘይት ያለበት የቆርቆሮ ክዳን ላይ አቆምኩት። ከግድግዳው ስድስት ሳንቲም ይርቃል፣ ከላይ ከምሰሶው ጋር በአንድ ረጅም ብሎን ተይዟል። ከታችና ከላይ በትራፓኖ ስድስት ስድስት ቀዳዳ አወጣሁ፣ ለአይጧ ስል ከውስጥ የሽቦ ወንፊት መታሁባቸው። አናቱ ዘቅዛቃ ነው። ሚስቴ "ሽንት ቤት ነው እንዴ የሠራኸው?" አለችኝ። ከሩቅ ሲያዩት እውነትም ይመስላል።

ቁመቱን ወደ 110 ከፍ አደረግኩት፣ ምክንያቱም ከታች ሁለት መሳቢያ ፈለግኩ። አንዱ ለቻክና ለመፍቻ፣ አንዱ ለብርጭቆ ወረቀት። መሮዎቹን ለማቆም 50 ሚሊ የፒቪሲ ቱቦ ቆራርጬ ዘመም አድርጌ በብሎን ጀርባው ላይ መታሁ። ስለት ወደ ታች፣ ቱቦው ውስጥ ስለሆነ ማንንም አይነካም። የቱቦው ታች ክፍት ነው፣ የገባ ሰጋቱራ ይወርዳል። ስለቱ የሚያርፍባት የግራቪሊያ ጣውላ አለች፣ በወር አንዴ አውጥቼ አራግፋታለሁ።

እጀታዎቹ አራቱ ተቀይረዋል፣ ባለ ቀለበት። የሦስት ቀለበቱ ላይ ተሳስቼ አራት አወጣሁ። ይሁን።

የጅሬን ልጅ

ማሻአላህ! ቱቦው ሊቅ ነው። ስንት ፈጀ?

ሰጋቱራ

ብር ነው ጊዜ? ብሩን አትጠይቀኝ፣ ሚስቴ ይሄን ታነባለች። ጊዜው ስድስት ቅዳሜ።

ዋንዛ ነኝ

ስድስት ቅዳሜ ሙሉ ምንም ሳትቆርጥ?! እኔ በዚያ ጊዜ ሃያ ሙቀጫ አወጣ ነበር። እሺ እሺ፣ ያምራል። እገምታለሁ፣ አላየሁትም እንጂ።

ሰጋቱራ (መስከረም ላይ)

ክረምቱ አለፈ፣ ውጤቱን ልንገራችሁ። ሰባት መሮ ገብቶ ስድስቱ ንጹህ ናቸው። በየቅዳሜው ማታ በሰም ጨርቁ እጠርጋቸው ነበር። አንዱ፣ መቁረጫው፣ ጫፉ ላይ ቀይ ነጥብ አለው። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፦ ነሐሴ ላይ እርጥብ ባህር ዛፍ ቆርጬበት መብራት ሲጠፋ እንዳለ ቱቦው ውስጥ መልሼው ገባሁ። በሳምንቱ ሳወጣው ጠቁሮ ነበር፣ ከሥሩም ቀይ።

ጡረተኛው

የባህር ዛፍ ጭማቂ ብረት ያጠቁራል። የካቢኔቱ ጥፋት አይደለም።

ሰጋቱራ

እንደሱ ነው ያልኩት እኔም። አንድ ችግር ግን አለ ጋሼ። የግራው በር አልዘጋ ብሏል። ከላይ በኩል ከቀኙ ጋር ይጋጫል፣ በጉልበቴ ካልገፋሁት አይገጥምም። ነገ ጠርዙን ሁለት ሚሊ ያህል በመላጊያ ላነሳለት ነው።

ጡረተኛው

ተው! አሁን መስከረም ነው፣ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ዛሬ ሁለት ሚሊ ካነሳህለት ጥር ላይ በሁለቱ በሮች መሐል ጣትህ ያልፋል። በገመድ እሰረውና እስከ ኅዳር ጠብቀው። ያኔም ካልገጠመ ንገረኝ።

ሰጋቱራ

እሺ ጋሼ። መላጊያውን መልሼዋለሁ፣ በጫማ ክር አስሬዋለሁ።

ዶቅማ

የማንን ጫማ?

ሰጋቱራ

ሚስቴ ይሄን ታነባለች ብያለሁ።